ሦስት ጊዜ «ጋዝ አልቋል» የተባለው ኤሲ፦ የአንድ የድሬዳዋ ቤት የጥገና ጉዳይ

ጉዳዩ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ ያለ መኖሪያ ቤት ነው። ሳሎኑ አምስት በአራት ሜትር ገደማ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ከሥሩ ቀጭን ኮርኒስ። የተገጠመው 12 ሺህ ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅሙ ነው) ስፕሊት ኤሲ ነው፣ ማለትም አንዱ ክፍል ቤት ውስጥ ሌላው ውጭ የሚቀመጥ፤ ኢንቨርተር፣ ማለትም ፍጥነቱን እንደ ሙቀቱ የሚለዋውጥ፣ አይደለም፣ አር-410ኤ በሚባለው ጋዝ ይሠራል። ከተገጠመ አራት ዓመት ሆኖታል። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ሦስት ጊዜ «ጋዝ አልቋል» ተብሎ ተሞልቷል፤ እያንዳንዱ ሙሌት የቆየው ከቀደመው ላነሰ ጊዜ ነው። ግንቦት ላይ፣ ሙቀቱ በበረታበት ሰሞን፣ አቤቱታው ሁለት ነበር፦ ኤሲው ይነፍሳል እንጂ አያቀዘቅዝም፣ ማታ ማታ ደግሞ ከውስጠኛው ክፍል ግድግዳው ላይ ውኃ ይወርዳል።

ጋዙ በተዘጋ የመዳብ መስመር ውስጥ ይዞራል፤ ከቤት ውስጥ ሙቀት ይቀበላል፣ ውጭ ይጥለዋል፣ ይመለሳል። እንደ ቡታጋዝ እየነደደ አያልቅም። መስመሩ ካላፈሰሰ በቀር ከፋብሪካ የገባው መጠን ኤሲው እስኪያረጅ ይቆያል። ስለዚህ «ጋዝ አልቋል» ማለት ከሦስት አንዱን ነው፦ ወይ የሚያፈስ ቦታ አለ፣ ወይ ሲገጠም ጀምሮ በልኩ አልተሞላም፣ ወይ ጭራሽ አልጎደለም፣ ችግሩ ሌላ ነው። እዚህ ቤት ማፍሰሱም ሌላው ችግርም አብረው ነበሩ። አንዱ ሌላውን ሸፍኖት ስለነበር ነው ነገሩ ሁለት ዓመት የፈጀው።

ባለሙያ መምረጥ

ቤተሰቡ ለአራተኛ ጊዜ ከመጥራቱ በፊት ለሦስት ባለሙያዎች ደውሎ ተመሳሳይ ጥያቄ አቀረበ። ዋጋ መጀመሪያ አልተጠየቀም። የተጠየቀው ይህ ነው፦ ከመሙላትህ በፊት የሚያፈስበትን ቦታ በምን ትፈልጋለህ? መስመሩን በግፊት የምትፈትሽበት ናይትሮጅን አለህ? አየርና እርጥበት ከመስመሩ የሚመጥ ቫኪዩም ፓምፕ ብቻ ነው ወይስ የቫኪዩም መለኪያም ትይዛለህ? ጋዙን በሚዛን ነው የምትሞላው ወይስ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) እያየህ?

የመጀመሪያው ጥያቄዎቹን አላስጨረሰም።

«እትዬ፣ አያስቡ፣ ጋዝ ነው። በአንድ ሰዓት ሞልቼልዎት እሄዳለሁ።»

«ልጄ፣ ሦስቴ ተሞልቷል እኮ። የት ነው የሚሄደው?»

«ይተናል እትዬ። የድሬን ሙቀት ያውቁት የለ?»

ሙቀት ጋዝን ከመዳብ ቧንቧ ውስጥ አያተንም። ይህን መልስ የሰጠ ሰው ጥሩ እጅ ሊኖረው ይችላል፤ ግን የሚሸጠው ጋዝ ነው፣ ጥገና አይደለም።

ሁለተኛው ማኒፎልድ ጌጅና ቫኪዩም ፓምፕ አለው፣ ናይትሮጅን ግን የለውም። በጎማ ቤት የአየር ኮምፕሬሰር እንደሚፈትሽ ተናገረ። የጎማ ቤት አየር እርጥበት አለው፤ የአር-410ኤ ኤሲ ኮምፕሬሰር (ጋዙን አምቆ የሚያዞረው ሞተር) ዘይት ደግሞ እርጥበትን ፈጥኖ የሚጠጣ ዓይነት ነው፤ ውኃ ሲቀላቀልበት አሲድ ይሆንና የሞተሩን ጥቅል ይበላል። ከዚህም የከፋ አለ፦ ናይትሮጅን ሲጠፋ ከብየዳ ቤት የኦክስጅን ሲሊንደር የሚያመጡ አሉ። ኦክስጅን በግፊት ከዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። አንድ ባለሙያ «በኦክስጅን እፈትሻለሁ» ካለ ወጪውም ጊዜውም አይነሳም፣ በሩ ይዘጋበት።

ሦስተኛው በጥያቄ መለሰ፦ ቀጭኑ ቧንቧ በረዶ ይይዛል? ፊልተሩ መቼ ታጠበ? ብሬከሩ ይወድቃል? የውጪው ክፍል የተቀመጠው የት ነው? የጋዝ ዋጋም ሳይታጠብና ሳይለካ አልናገርም አለ። ሥራው ለእሱ ተሰጠ። የሲኦሲ (የሙያ ብቃት) ማረጋገጫ ነበረው፤ ቢኖር ጥሩ ነው፣ ግን ወረቀቱ ናይትሮጅን ሲሊንደር አይሆንም። የሚመዘነው ሰውዬው በባጃጅ ጭኖ የሚመጣው ዕቃ ነው።

ስምምነቱ በአንድ ገጽ ተጻፈ፦ የምርመራ ክፍያ ለብቻ፣ እጥበት ለብቻ፣ መገጣጠሚያ መሥራት ለብቻ፣ ጋዝ በግራም፣ በሠራው መገጣጠሚያ ላይ የስድስት ወር ዋስትና። «ጋዝና ሥራ በአንድ ላይ ይህን ያህል» የሚል ዋጋ ለባለሙያው ይመቸዋል። ቤቱ ግን ስንት ግራም እንደገባለት አያውቅም።

መጀመሪያ እጥበት፣ ከዚያ ጌጅ

ጌጅ ከመታሰሩ በፊት የአየር ሙቀት ተለካ። ውስጠኛው ክፍል ከላይ የሚስበው አየር 31 ዲግሪ፣ ከታች የሚያወጣው 26። የአምስት ዲግሪ ልዩነት ለዚህ ዓይነት ኤሲ ሽንፈት ነው፤ ከ8 እስከ 12 መሆን ነበረበት።

ጌጁ ለምን ቆየ? ኤቫፖሬተሩ (በውስጠኛው ክፍል ያለው ቀዝቃዛው የቧንቧና የክንፍ ጥቅል) በአቧራ ሲታፈን የሚያልፍበት አየር ያንሳል፣ ጋዙ የሚቀበለው ሙቀት ያጣል፣ የመምጠጫው (ጋዙ ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚመለስበት መስመር) ግፊትም ይወርዳል። ጌጁ ላይ ይህ ልክ ጋዝ የጎደለ ይመስላል። በዚያ ንባብ የሞላ ሰው በልኩ ያለውን ጋዝ ከልክ ያሳልፈዋል፤ ኋላ አንድ ቀን ሲታጠብ ግፊቱ ከመጠን በላይ ይወጣል፣ ኮምፕሬሰሩም ይጨነቃል። የዚህ ቤት የመጀመሪያው ሙሌት እንዲህ ያለ እንደነበር መገመት ይቻላል፤ ያኔ የታጠበ ነገር አልነበረም።

በረዶውም የራሱ ምልክት አለው። አየር ሲያንስ ኤቫፖሬተሩ ከዳር እስከ ዳር ይነጣል፣ ወፍራሙም ቧንቧ በረዶ ይይዛል። ጋዝ ሲያንስ ደግሞ በረዶው መግቢያው አካባቢ ባሉት ጥቂት ረድፎችና በውጪው ክፍል ቀጭን ቫልቭ ላይ ይሰበሰባል፣ የቀረው ኤቫፖሬተር ደረቅና ሞቅ ያለ ነው። እዚህ ሁለቱም ተደባልቀው ስለነበር በዓይን መለየት አልተቻለም።

ሁለቱ ፊልተሮች ግማሽ በግማሽ ተዘግተው ነበር፤ እነሱ በቧንቧ ውኃ ታጥበው ጥላ ላይ ደረቁ። ዋናው ቆሻሻ ግን ነፋሱን የሚገፋው ረጅም ሲሊንደር፣ የብሎወሩ ጎማ ነው። በእያንዳንዱ ትንሽ ምላጭ ጉድጓድ ውስጥ አቧራው ከእርጥበት ጋር ጠጥሮ ወፈር ያለ ጨርቅ መስሏል። ምላጩ ሲሞላ ማራገቢያው በሙሉ ፍጥነት ይሽከረከራል፣ ድምፁም ይሰማል፣ አየር ግን አይገፋም። ፊልተር ብቻ እያጠቡ «አጽድቻለሁ» የሚሉ ብዙዎች የማያዩት ይህን ነው።

እጥበቱ ብሬከር ተዘግቶ ተካሄደ። የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው በፕላስቲክ ተሸፈነ፣ ከሥር ውኃውን ወደ ባልዲ የሚመራ ሸራ ታሰረ፣ ለአሉሚኒየም የሚሆን የኮይል ማጠቢያ ተረጭቶ አሥር ደቂቃ ተተወ፣ ከዚያ በእጅ ፓምፕ መርጫ አሥር ሊትር ያህል ውኃ ከላይ ወደ ታች ተለቀቀ። የመኪና ማጠቢያ ማሽን አይሞከርም፤ ስስ ክንፎቹን አጣጥፎ አየር ጨርሶ ይዘጋባቸዋል። ጠንካራ የመጸዳጃ ቤት አሲድም እንዲሁ፤ ቆሻሻውን ያነሳል፣ አሉሚኒየሙንም ይበላል።

የግድግዳው ውኃ ምክንያት የተገኘው በዚሁ መሐል ነው። ውኃ በሚጠፋበት ከተማ ከኤሲ የሚወጣው አይደፋም፣ ጄሪካን ይቀመጥለታል። የማፍሰሻው ቱቦ ጫፍ ወደ ጄሪካኑ ጠልቆ ገብቷል። ጄሪካኑ ግማሽ ሲደርስ ጫፉ ውኃ ውስጥ ይሰምጣል፣ በቱቦው ውስጥ ያለው አየር መውጫ ያጣል፣ ውኃው ወደ ኋላ ተመልሶ ከመቀበያው ገንዳ ሞልቶ ግድግዳው ላይ ይወርዳል። ቱቦው ውስጥ የተሰበሰበው አረንጓዴ ዝቃጭ ታጥቦ ወጣ፣ ጫፉም ከጄሪካኑ አፍ አምስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ታሰረ። ወለል ለማጠብ የሚሆን ውኃ ነው፤ ለመጠጥ አይሆንም።

ከእጥበቱ በኋላ ልዩነቱ ከአምስት ወደ ሰባት ዲግሪ ከፍ አለ። ከፊሉ ችግር ቆሻሻ ነበር ማለት ነው፣ ግን አልበቃም።

የውጪው ክፍል

ሌባ እንዳይነቅለው በብረት ሳጥን ታጥሯል፤ ልማዱ የታወቀ ነው። ስህተቱ የሳጥኑ ፊት ፍርግርግ ሳይሆን ቀዳዳው ጠባብ የሆነ ላሜራ መሆኑ ነው። ኮንደንሰሩ (ሙቀቱን ውጭ የሚጥለው ጥቅል) የሚተፋው ትኩስ አየር ላሜራውን መትቶ ይመለስና በጀርባው እንደገና ይሳባል። ጥላ ውስጥ የግቢው አየር 34 ዲግሪ ሲሆን የኮንደንሰሩ መሳቢያ ጋ 41 ተለካ። ኤሲው ከድሬዳዋ በሰባት ዲግሪ የሚብስ ከተማ ውስጥ እየሠራ ነበር። የፊቱ ላሜራ ተነስቶ ሰፊ ፍርግርግ ተበየደበት፤ ከግድግዳው 15 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ስላለው ጀርባው አልተነካም። ክንፎቹ ከውስጥ ወደ ውጭ በዝቅተኛ ግፊት ታጠቡ፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ከታጠቡ አቧራው ወደ መሐል ይገባል።

ያፈሰሰው ቦታ

አሁን ጌጅ ታሰረ። መምጠጫው 70 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አነበበ። በድሬዳዋ ከፍታ በዚህ ግፊት አር-410ኤ የሚተነው ከዜሮ በታች አሥር ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ መሆን የነበረበት 120 አካባቢ፣ ማለትም ከዜሮ በላይ አምስት ዲግሪ ያህል። በክላምፕ ሜትር የተለካው ከረንት 3.6 አምፔር ሲሆን በመግለጫው ሰሌዳ ላይ የተጻፈው 5.3 ነው። ታጥቦም ግፊቱ ዝቅተኛ፣ ከረንቱ ዝቅተኛ፣ ቀጭኑ ቫልቭ ላይ በረዶ፦ ጋዝ በእርግጥ ጎድሏል።

ፍለጋው የጀመረው በዓይን ነው። ጋዝ ሲያፈስ ብቻውን አይወጣም፣ ትንሽ የኮምፕሬሰር ዘይት ይዞ ይወጣል፤ አቧራ ደግሞ ዘይት ላይ ይጣበቃል። በውጪው ክፍል ወፍራም ቫልቭ ነት ዙሪያ፣ ሌላው ሁሉ ደረቅ ቡናማ አቧራ ሆኖ ሳለ፣ ጥቁር ቅባታማ ቀለበት ነበር። የሳሙና አረፋ ሲቀባ በቀስታ መንፋት ጀመረ። ሁለተኛው ማፍሰሻ ጌጅ የሚታሰርበት የቫልቭ አፍ ነው፦ የነሐስ ክዳኑ ጠፍቷል። ውስጡ ያለችው ትንሽ መርፌ ብቻዋን ጋዝ ለዓመታት አትይዝም፤ የሚያሽገው ክዳኑ ነው። ከሦስቱ ሙሌቶች በአንዱ ክዳኑን መልሶ ያላሰረ ሰው ነበር። የሞላበት አፍ ማፍሰሻ ሆነ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ አደጋ አለ። የተለመደው አሠራር ቀጭኑን ቫልቭ ዘግቶ ኮምፕሬሰሩን በማስነሳት ጋዙን በሙሉ ወደ ውጪው ክፍል ማሰባሰብ ነው። የሚያፈሰው በመምጠጫው በኩል ከሆነ ግን ግፊቱ ከዜሮ ሲወርድ በዚያው ቀዳዳ አየር ይገባል፤ አየርና ዘይት በኮምፕሬሰር ውስጥ ሲታመቁ ይፈነዳሉ። ሰው የጎዳ ነገር ነው። ባለሙያው ሪከቨሪ ማሽን ተውሶ መጥቶ ስለነበር ጋዙን ወደ ሲሊንደር ሰብስቦ መዘነው፦ 540 ግራም። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው 950 ነው። ከሰሌዳው የጎደለው 410 ግራም በአንድ ግምት ሳይሆን በሚዛን ታወቀ።

ነቱ ሲፈታ የመዳቡ ፍሌር (ነቱ የሚይዘው ሰፍቶ የተከፈተው የቧንቧ ጫፍ) ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ታየች። መንስኤዋ ከግጠማው ቀን ጀምሮ ያለ ነው፦ ቧንቧው ሲቆረጥ የቀረው ስለት አልተላገም፣ ነቱም በተራ ቁልፍ እስከቻለ ድረስ ተጠብቋል። የግማሽ ኢንች ነት የሚፈልገው ከ50 እስከ 60 ኒውተን ሜትር፣ የሩብ ኢንቹ ከ14 እስከ 17 ነው። ከዚያ በላይ ያጠበቀ ሰው መዳቡን ያሳሳዋል፤ ስንጥቁ የሚወጣው ግን ኮምፕሬሰሩ ሲንቀጠቀጥ ከርሞ ነው፣ ያኔ ገጣሚው የለም። ጫፉ ተቆርጦ፣ ስለቱ ቧንቧው ወደ ታች ተደፍቶ ተላገ፣ አዲስ ፍሌር ወጣለት፣ ፊቱ ላይ አንድ ጠብታ የኮምፕሬሰር ዘይት ተቀብቶ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ የቶርክ ቁልፍ ታሰረ። የቫልቭ መርፌዋም ተቀየረች።

ናይትሮጅን እስከ 300 ፒኤስአይ ገባ፤ ሰሌዳው ላይ ከተፈቀደው ወሰን መብለጥ የለበትም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ይነበባል። ከሰዓት በኋላ 35 ዲግሪ ላይ ተሞልቶ ሌሊቱን አደረ። ማለዳ 25 ዲግሪ ላይ ጌጁ 290 አነበበ። ይህ ማፍሰስ አይደለም፦ የአሥር ዲግሪ ቅዝቃዜ ብቻ አሥር ፒኤስአይ ያወርዳል። ሙቀቱን ያልመዘገበ ባለሙያ የዳነውን መስመር እንደገና ይፈታ ነበር።

ቫኪዩሙ ለድሬዳዋ የተለየ ነገር አለው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ስለሆነ የተራ ጌጅ ቀስት ሙሉ ቫኪዩም ላይ ቢደርስም እንኳ ከ26 ኢንች (በሜርኩሪ) ገደማ አያልፍም፤ ወደ 30 እስኪደርስ የሚጠብቅ ቀኑን ሙሉ ይጠብቃል። አዲስ አበባ ላይ ከዚህም ያንሳል። ለዚህ ነው ቀስቱ የማያስተማምነው፤ ትክክለኛው ማይክሮን፣ ማለትም በጣም ትንሽ የቀረ ግፊት፣ የሚያነብ መለኪያ ነው። ፓምፑ አርባ ደቂቃ ሠርቶ ከ500 ማይክሮን በታች ደረሰ፣ ተዘግቶ ሩብ ሰዓት ተጠበቀ፣ 620 ላይ ቆመ፤ ይህ ደኅና ነው። ያለማቋረጥ ሽቅብ ቢሄድ ማፍሰስ ነው፤ ወጥቶ ከዚህ በጣም ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቢቆም እርጥበት አለ ማለት ነው።

ጋዙ በሚዛን ገባ። ሰሌዳው 950 ግራም ያለው እስከ አምስት ሜትር ቧንቧ ነው፤ የዚህ ቤት ሰባት ሜትር ነው፣ ማኑዋሉ ለተጨማሪው ሜትር 15 ግራም ይላል፤ ድምሩ 980። አር-410ኤ የሁለት ጋዞች ድብልቅ ስለሆነ ከሲሊንደሩ በፈሳሽነቱ ይወሰዳል፣ ኮምፕሬሰሩ ሲሠራ ደግሞ ቀስ እየተባለ ነው የሚገባው። ሲሊንደሩ ሲቀርብ ቀለሙ ሳይሆን ጽሑፉ ይነበብ፤ አር-410ኤ ሮዝ፣ አር-22 አረንጓዴ የነበረበት ጊዜ አልፏል፣ አዳዲሶቹ አንድ ዓይነት ቀለም ይዘው ይመጣሉ። አር-32 ከሆነ ደግሞ ተቀጣጣይ ነው፣ አጠገቡ ብየዳም ሲጋራም አይኖርም።

ውጤቱ፦ መምጠጫ 121 ፒኤስአይ፣ ከረንት 5.1 አምፔር፣ የሚገባው አየር 29፣ የሚወጣው 17 ዲግሪ። በረዶ የለም።

የቀሩ ነገሮች

በስፕሊት ኤሲ ጋዙ የሚቀዘቅዝበት ጠባብ መንገድ ብዙውን ጊዜ በውጪው ክፍል ውስጥ ስለሆነ ቀጭኑም ቧንቧ ቀዝቃዛ ነው፤ ሁለቱም ለየብቻ መሸፈን አለባቸው። እዚህ ቀጭኑ ራቁቱን ነበር፣ የወፍራሙ ስፖንጅ በፀሐይ ፈራርሷል። ሁለቱም ተሸፍነው ፀሐይ በሚቋቋም ቴፕ ተጠቀለሉ።

መብራቱ ሌላ ጣጣ ነው። ኤሲው የተሰካው ከአምፖሎች ጋር በአንድ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ላይ ነው፣ ሶኬቱም ሲነካ ይሞቃል። ለብቻው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መስመርና 16 አምፔር ብሬከር ተዘረጋለት። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመለስ የኮምፕሬሰሩ ሁለት ጎኖች ግፊታቸው ገና አልተስተካከለም፤ በዚያ ሰዓት ለመነሳት ሲታገል ጥቅሉ ይቃጠላል። ሦስት ደቂቃ የሚያዘገይ መቆጣጠሪያ ያለው ስታቢላይዘር የተገዛው ለዚህ ነው። አቅሙ የተመረጠው ኤሲው ሲሠራ በሚወስደው ከረንት ሳይሆን ሲነሳ በሚወስደው ነው።

ለቤቱ የቀረው ሥራ ትንሽ ነው፦ ከመጋቢት እስከ መስከረም በየሁለት ሳምንቱ ፊልተር ማጠብ፣ በወር አንዴ የቱቦውን ጫፍ ማየት፣ ሙቀቱ ሳይገባ የካቲት መጨረሻ ላይ ብሎወሩንና ኮንደንሰሩን በባለሙያ ማሳጠብ። ጋዝ በየዓመቱ «መጨመር» የሚባል አገልግሎት የለም፤ የሚያቀርብ ካለ አይከፈልበት። በውጪው ክፍል ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ባለሙያው በማይጠፋ ብዕር ቀኑን፣ 980 ግራም፣ 121 ፒኤስአይ፣ 5.1 አምፔር እና የዚያን ቀን የግቢ ሙቀት ጽፎበታል፤ ቀጥሎ የሚመጣ ማንም ሰው ጌጅ ከማሰሩ በፊት ከረንቱን ከዚያ ጋር ያስተያያል።